የግድግዳው ዓይን

ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት ግድግዳው እንዲህ ነበር። ወርዱ አምስት ሜትር፣ ቁመቱ የረጅም ሰው እጥፍ፣ ከመድረኩ ወለል ጋር በአንድም ምስማር ያልተያያዘ። ሃያ ሁለት ጣውላዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ገሚሶቹ ከዚያ በፊት በሌላ ተውኔት የመርከብ ወለል ነበሩ፤ አንዳንዶቹ የእስር ቤት በር፤ ሁለቱ የንጉሥ ዙፋን ጀርባ። እያንዳንዱ ጣውላ ወገቡ ላይ ተሰብሮ፣ ስባሪው እንደ ጥርስ እርስ በርሱ ተገጣጥሞ፣ መጋጠሚያው ጭቃ በመሰለ ቀለም ተሸፍኗል። ከኋላ አንድ አግዳሚ ሁሉንም አቅፎ ይዟቸዋል። አግዳሚውን ደግሞ የያዘው ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ አንድ ሽብልቅ ነው፤ ሠራተኞቹ «ቁልፉ» ይሉታል። ቁልፉ መሃል ላይ አይደለም። መሃል ቢሆን ጣውላዎቹ እኩል ወድቀው ጩኸቱ ባንድ ጊዜ ያልቃል። ሩብ ሜትር ፈቀቅ ስላለ አንዱ ጎን ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ ይፈራርሳል፤ ጩኸቱም ይረዝማል።

ከፊት በኩል፣ ቁልፉ ባለበት ትክክል፣ የእንጨት ጉጥ የመሰለ ጥቁር ክብ ይሳላል። እሱን «ዓይኑ» ይሉታል። ዓይኑ በመጥረቢያ ሲመታ ቁልፉ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ አግዳሚው ይወድቃል፤ ግድግዳው ይፈርሳል። በማግስቱ ስባሪው ተሰብስቦ፣ ጥርስ ለጥርስ ተገጥሞ፣ ያው ግድግዳ እንደገና ለመሞት ይቆማል።

ይህን የሠራችው የቲያትር ቤቱ አናጺ ናት። «ምስማር» ይሏታል። ከአሮጌ እንጨት ምስማር ነቅላ፣ በመዶሻ አቃንታ፣ መልሳ ስለምትመታ ነው። ስሙ የወጣላት ለፌዝ ነበር፤ እሷ ግን ተመርቆ እንደተሰጣት ተቀበለችው።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ቲያትር ቤቱ የሚያሳየው ተውኔት የታወቀው በመጨረሻው ትዕይንቱ ነው፤ ጀግናው ከሃዲው የተደበቀበትን ግድግዳ በመጥረቢያ ያፈርሳል። ስለዚህ ለየትርኢቱ አንድ ሙሉ ግድግዳ ከአዲስ የጥድ ጣውላ ይሠራል፤ ይከተከታል፤ ስባሪው ከስፖንጁ፣ ከላስቲኩና ከቀለም ቆርቆሮው ጋር ጓሮ ተጎትቶ ይነዳል። ጭሱ የጎረቤቱን የተሰጣ ልብስ ያጠቁራል። ጎረቤቱ ይሳደባል፤ አዘጋጁም መልሶ ይሳደባል። አንድ ቀን በእሳቱ ውስጥ ግማሽ ድረስ የሞላ የቫርኒሽ ቆርቆሮ ነበር። ማንም አላየውም። ያኔ ዋናው አናጺ የነበረው የምስማር ባል ፍሙን በአካፋ ሊሰበስብ ጎንበስ እንዳለ ቆርቆሮው ፈነዳ። ሰውየው በሁለት እጆቹ ፊቱን ሸፈነ። ፊቱ ተረፈ። እጆቹ ግን ተላጡ፤ ሲድኑም ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ዳኑ። ዛሬ ብርጭቆ የሚያነሳው በሁለት መዳፉ አጣብቆ ነው።

ምስማር የባሏን መሣሪያ ሳጥን ተሸክማ ሥራውን የያዘች ቀን አዘጋጁ ዘንድ ገባች።

«አለቃ፣ ከእንግዲህ አንድ ስንጥር ጓሮ አይነድም» አለችው።

«ተመልካች የሚመጣው የእንጨት ጩኸት ሊሰማ ነው። ያንቺ ግድግዳ ይጮሃል?»

«ይጮሃል።»

«ይሰበራል?»

«በየትርኢቱ።»

«አንድ ቀን ቢገተርስ?»

«እንጨቴ አንድ ቀን በኔ ጥፋት ከተገተረብዎ፣ ያኔ ጓሮውን ያቀጣጥሉት። እኔ ራሴ ክብሪት አቀብላለሁ።»

አዘጋጁ ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ እንጂ ዓይኑ የማይስቅ ሰው ነው። «ቃልሽን ይዣለሁ» አላት።

ጀግናውን ሆኖ የሚጫወተው የምስማር ታናሽ ወንድም ነው፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። በሩ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት «ነጎድጓድ» ተብሎ ይጻፋል። ትከሻው በር ይሞላል። ቁጣው ደግሞ ከትከሻው ይሰፋል። ሰው የሚወደው እንጨት ሲሰብር ነው፤ እሱም ይህን ያውቃል። አዲሱ ግድግዳ ሲመጣ ታዲያ እሱና እህቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

በልምምድ የመጀመሪያ ቀን ዓይኑን መታ፤ ግድግዳው ወረደ። በጣም በቀላሉ ወረደ። ከላይ፣ ከመብራቱ መሰላል ላይ፣ አምፖል የሚሉት የመብራት ሠራተኛ ጮኸ፦

«ነጎድጓድ! ምነው አንኳኳህ? በሩ እኮ ክፍት ነበር!»

ሁሉም ሳቁ። ነጎድጓድ መጥረቢያውን ጣለ። መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፤ አምፖል እንደ በሰለ ፍሬ ወረደ። ወለሉን ሳይነካ ያዘውና በቡጢ አፉን አለው። ጥርሱ ሲሰበር ድምፁ ከግድግዳው ይልቅ ጎልቶ ተሰማ። አምፖል ደም እየተፋ፣ አሁንም እየሳቀ፣ «ይሄኛውስ በእውነት ተሰበረ!» አለ። ነጎድጓድ ጭራሽ ደሙ ፈላ። አንገቱን ይዞ ጭንቅላቱን ከወለሉ ጋር ያጋጨው ጀመር። ሦስት ሰው ተንጠልጥሎበት ሊያላቅቀው አልቻለም። ምስማር የወደቀ ጣውላ አነሳችና በጠፍጣፋው በኩል ጀርባውን አጮለችው። ከወገቡ ታጠፈ።

«ሰበርሽው!» አለ እየተንፈራገጠ።

ጣውላውን አገላብጣ አየች። «አልተሰበረም፤ ደህና ነው።»

«ጀርባዬን ነው የምልሽ!»

አምፖል ከተዘረረበት ሳቀ። በዚያ ቀን የሳቀ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ወንድሟ አናጺ ቤት መጣ። ሰጋቱራ ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ማስደገፍ አልቻለም።

«እታለም፣ አዋረድሽኝ» አላት። «እኔ እንጨት ሰብሬ ነው ሰው የሆንኩት። አሁን ግን አንድ ጨቅላ ልጅ ዓይኑን ቢነካው ይወድቃል። እኔ ለምን አስፈለግኩ?»

«የጋሼህን እጅ አይተኸዋል?»

«አየዋለሁ፤ በየቀኑ። ጫማውን የማስርለት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ታዲያ?»

 ከሰጋቱራው አንድ እፍኝ አንስቶ እየበተነ፣ «እሺ፤ ዓይኑን እመታለሁ» አለ። «ከዓይኑ አንድ ጣት እንኳ አልስትም። በእናታችን አጥንት።»

አመነችው ማለት አይቻልም። እንደዚያ የሚምልላት ሲዋሻትም ነበር።

የመክፈቻው ትርኢት ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት ግድግዳውን ስታየው የጣውላዎቹ ፊት በልምምድ ተጫጭሯል፤ የመጥረቢያው ጠባሳ ከመጨረሻው ወንበር ይታያል። አዲስ ጣውላ የለም፤ እሷም አትገዛም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጣውላ እዚያው በቆመበት ገልብጣ ንጹሕ ጀርባውን ወደ ፊት አዞረችው። ዓይኑ የተሳለው በአሮጌው ፊት ላይ ስለሆነ እንደ አዲስ መሳል ነበረበት። እንደ ልማዷ ከኋላ ሆና፣ ከቀኟ ጠርዝ እስከ ቁልፉ ለካች። ደግማ ለካች። ሜትሩን በአውራ ጣቷ እንደያዘች ወደ ፊት ዞረችና ከቀኟ ጠርዝ ለክታ ዓይኑን ሳለች። አልሞከረችውም። ቁልፉ በተመታ ቁጥር ጫፉ ይደቅቃል፤ ቁልፍ የሚሆን ጠንካራ እንጨት ደግሞ ከአሮጌ የበር ደፍ የፈለቀቀችው ሁለት ቁራጭ ብቻ ቀርቷታል። እነሱን ቆጠበች።

ወንድሟ ልብሱን ለብሶ መጣ። መጥረቢያውን አየችው፤ ስለቱን በጣቷ ነካችው፤ ጣቷን ቆረጣት።

«ይሄን ማን ሳለው?»

«እኔ።»

«ደነዝ ነው ያልኩህ። ደነዙን ነው የተለማመድክበት።»

«ደነዙ ይንሸራተታል፣ እታለም። ዓይኑ ላይ ልክክ ብሎ እንዲቆምልሽ ብዬ ነው።»

ስለት የሚያወጣ ሰው ለምን እንደሚያወጣ ታውቃለች። እሱ ወደ ግድግዳው ቀረበ፤ ራሱን ወደ ጎን አዘንብሎ አየ።

«ዓይኑ ቦታ ቀየረ እንዴ?»

ገና ከአሁኑ ሰበብ ፍለጋ መሰላት። «አንተ ዓይኑን ምታ፤ ሌላውን ለኔ ተወው» አለችው።

«እሺ» አለ፤ ሄደ።

የመጨረሻው ትዕይንት ሲደርስ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እሷ ከግድግዳው ኋላ ቆማለች። ቦታው ጠባብ ነው፤ ጀርባዋ ጥቁሩን መጋረጃ፣ አፍንጫዋ ጣውላውን ይነካል። እግሯ ሥር አቧራ መስሎ የሚበተን የሰጋቱራ ከረጢት፣ በእጇ የእንጨት መዶሻ። ዓይኗ ቁልፉ ላይ። ወንድሟ ከወዲያ የከሃዲውን ስም እየጠራ ያገሳል።

የመጀመሪያው ምት መጣ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ቁልፉ ንቅንቅ አላለም።

ሁለተኛው መጣ። ስለቱ ጣውላውን በርቅሶ ከግራ ጆሮዋ ጎን ወጣና ጉንጯን እንደ ወረቀት ሰነጠቀው። ትኩስ ነገር አንገቷ ላይ ወረደ። ከቁልፉ ግማሽ ሜትር ርቆ ነው የመታው። ግማሽ ሜትር! እንኳን ነጎድጓድ፣ ዕውርም በግማሽ ሜትር አይስትም። «ካደኝ» አለች በልቧ። «ስለቱን ያወጣው ለኔ ነው።»

ሦስተኛው ምት ጣውላውን ከፍቶ ራስ የሚያሾልክ ቀዳዳ አወጣ። አግዳሚው ተጣመመ፤ ተጣምሞም ቁልፉን ነክሶ ያዘው። አሁን ዓይኑ ቢመታም አይወጣም። በመዶሻው ከታች ወደ ላይ መታችው፤ እምቢ አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ከወደ ኋላ አንድ ሰው አፏጨ። በመጋረጃው ስንጥቅ አዘጋጁ ታያት። በቀኝ አውራ ጣቱ ትከሻውን ተሻግሮ ወደ ኋላ ያሳያል፤ ወደ ጓሮው።

መጥረቢያው ወለል ላይ ሲወድቅ ሰማች። ቀጥሎ እጅ መጣ። በቀዳዳው እስከ ክንዱ ገባ፤ የሰፋ፣ ጸጉራም፣ ስንጥር የወጋው እጅ። በአግዳሚው ላይ እየተንፏቀቀ፣ እየዳበሰ፣ ወደሷ መጣ። አግዳሚውን ሊነቅለው ነው፤ ወይም አንገቷን ሊይዝ። ሌላ ምን ይፈልጋል? የሕይወቷን ሥራ በሕዝብ ፊት ፈልጦት፣ የቀረውን በእጁ ሊገነጥል ነው። መዶሻውን በሁለት እጇ አነሳች፤ እጁ አግዳሚው ላይ እንደተዘረጋ ባላት ጉልበት ሁሉ አወረደችበት።

አጥንቱ ሲሰበር በመዶሻው እጀታ በኩል መዳፏ ድረስ ተሰማት።

ከወዲያ የወጣው ጩኸት የትወና አልነበረም። አዳራሹ ግን ትወና መስሎት አብሮ ጮኸ። ደግማ አነሳች። እጁ ተንሸራትቶ ወጥቶ ነበር፤ መዶሻው አግዳሚውን አለፈና ቁልፉን ከጎኑ አገኘው። ቁልፉ ተፈናጠረ። ግድግዳው ከአንድ ጎን ጀምሮ፣ እየተንቋቋ፣ በሁለቱም ላይ ወረደ።

ከፍርስራሹ ቀድሞ የተነሳው እሱ ነበር። የተሰበረ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ በግራው ጸጉሯን ያዘ። በግንባሯ አፍንጫውን መታችው። ክንዷን ነከሳት፤ በጉልበቷ ሆዱን አለችው። ከሃዲውን የሚጫወተው ተዋናይ ሊሞት ተዘጋጅቶ ተኝቶ ነበርና ተነስቶ ሸሸ። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበ። መጋረጃው ሲዘጋ ገና ይንከባለሉ ነበር፤ ሰጋቱራው በደማቸው ቀይ ሊጥ ሆኗል።

አላቀቋቸው።

«ውጣልኝ!» አለ አዘጋጁ ወደ ነጎድጓድ። «ቅናታም! ሆን ብለህ ነው የሳትከው። ግድግዳው ጥፋት የለበትም፤ ሲመታ ወርዷል፣ አይቻለሁ። ነገ ዕቃህን ሰብስብና ውጣ። ስምህን ከበሩ ላይ እኔው እልጠዋለሁ።»

«ዓይኑን ነው የመታሁት!» ነጎድጓድ ሁለት ሰው ደግፎት ወደ ሐኪም ቤት ሲወስደው ዞሮ ይጮሃል። «እታለም! ንገሪያቸው እንጂ! ዓይኑን ነው የመታሁት!»

«ዓይንህ ይጥፋ!» አለችው ደም እየተፋች።

ሁሉም ሄደው እሷ ቀረች። ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ስባሪውን መሰብሰብ ያዘች፤ ከትርኢት በኋላ ሁልጊዜ የምትሠራው ነውና። ጥርስ ለጥርስ እየገጠመች ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ዓይን ያለበት ጣውላ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጣውላው ላይ የመጥረቢያው ሦስት ምቶች ነበሩ፤ አንዱ በአንዱ ላይ። ሦስቱም ጥቁሩ ክብ ውስጥ ናቸው። አንዱም ከቀለሙ ጠርዝ አልወጣም።

ሜትሯን አወጣች። ከግድግዳው ጠርዝ እስከ ዓይኑ ለካች፤ ልክ ነው። ወደ ኋላው ዞራ እስከ ቁልፉ ቦታ ለካች፤ ያም ልክ ነው። ልኩ አንድ ነው፤ ጎኑ ግን ሌላ። ከኋላ ያለ ሰው ቀኙ፣ ከፊት ላለ ሰው ግራ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ግድግዳ ከኋላው ስታይ ኖራ፣ ወደ ፊት ስትዞር ቀኟን ይዛ ዞረች። የመድረክ ሰው ካልሆነ ማንም እንዲህ አይስትም፤ የመድረክ ሰው ደግሞ እንዲህ መሳት የለበትም።

ከዚያ ያ እጅ ትዝ አላት። በአግዳሚው ላይ ሲንፏቀቅ ወዴት እንደነበር። ወደ አንገቷ አልነበረም። ግድግዳው አልወርድ ሲል፣ ቁልፉን ራሱ ሊነቅልላት ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቆይታም ግንባሯን ከጣውላው ጋር ማጋጨት ጀመረች።

ቤት ስትገባ ባሏ የተሰነጠቀውን ጉንጯን አይቶ ተነሳ። ሁሉንም ነገረችው።

«አስር ጊዜ ለክተሽ አንድ ጊዜ ቁረጪ ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለ።

«ለካሁ። አስር ጊዜም ቢሆን ያው በተሳሳተው ጎን ነበር የምለካው። ሁለት ቁራጭ እንጨት ቆጥቤ ሳልሞክረው ቀረሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ እሷ እኔ ነኝ።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ገና ነኝ። ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ።»

«ዝም በይ።»

«ምን?»

«ዝም በይ አልኩሽ!» ተጣብቀው የዳኑትን ሁለት እጆቹን ፊቷ ላይ ዘረጋቸው። «እያቸው። አንቺ ተናገርሽ ማለት ጓሮው ነደደ ማለት ነው። የዛሬ ወር፣ የዛሬ ዓመት፣ ሌላ ቆርቆሮ፣ ሌላ ሰው። ማን ይሆን ተረኛው? ያ አምፖል? አንቺ? ወንድምሽ አጥንቱ ነው የተሰበረው፤ ይገጠማል።»

«አጥንቱ ይገጠማል፤ ስሙስ?»

«በስም ማንም አልተቃጠለም!» ብርጭቆውን በሁለት መዳፉ አጣብቆ ወረወረው። ግድግዳው ላይ ደቀቀ። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ስብርባሪውን አዩ። እሱ ሊያነሳው አይችልም፤ እሷም አላነሳችም።

«ዓይኑ ቦታ ቀየረ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ለኔ ተወው አልኩት። ተወልኝ።»

ባሏ ጀርባውን ሰጣት።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኞቹ መድረኩ ላይ ነበሩ። ነጎድጓድ እጁ እስከ ክርኑ በጀሶ ታስሮ፣ ልብሱን በከረጢት ሰብስቦ ሊወጣ ነው። ማንም አያናግረውም። ምስማር መሃል ላይ ቆማ ሜትሯን ዘረጋች፤ ያደረገችውን ደግማ አደረገች፤ ከኋላ በቀኟ፣ ከፊት በቀኟ። «ወንድሜ አልሳተም» አለች። «የሳትኩት እኔ ነኝ። እሱ ያልኩትን ነው የመታው። እጁንም ያስገባው ሊረዳኝ ነበር።»

ነጎድጓድ ከረጢቱን ጣለና መጣ። ሲመጣ አይታዋለች፤ አልሸሸችም። በግራ ቡጢው አፏን መታት። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ምላሷ ላይ ጥርሷን አገኘችውና ተፋችው።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አላት አምፖል ከመሰላሉ ላይ፣ በተሰበረ ጥርሱ መሃል እያፏጨ። «የጥርስ አልባዎች ማኅበር ሊቀመንበር እኔ ነኝ።»

የሳቀ የለም። አዘጋጁ ክብሪት ከኪሱ አወጣ።

«ቃልሽ ምን ነበር?»

«በኔ ጥፋት ከተገተረ ያቀጣጥሉት ነው ያልኩት።» አፏን በክንዷ ጠረገች። «ቃሌን አልበላም።»

«ጓሮውን ክፈቱ! ይሄን ሁሉ አውጡልኝ። አዲስ ጥድ አሁኑኑ አስመጣለሁ።»

ጣውላዎቹን መጎተት ጀመሩ። ቤንዚን የያዘ ጀሪካን መጣ። ምስማር ዓይኗን ጨፈነች፤ የሚጎተተው እንጨት ወለሉን ሲፍቅ ቆዳዋን የሚልጡት ያህል ተሰማት። ድንገት መፋቁ ቆመ። ዓይኗን ስትገልጥ ወንድሟ አንዱን ጣውላ በእግሩ ረግጦ ቆሟል።

«አለቃ፣ ዛሬ ከሰዓት ትርኢት የለም እንዴ?»

«አለ። ትኬቱ አልቋል። የትናንቱን ድብድብ ያላየ ሁሉ ሊመጣ ነው።»

«ስሜ በሩ ላይ አለ?»

አዘጋጁ አመነታ። «ካልሳትክ... አለ።»

«እንግዲያው አዲሱን ጥድ የሚሰብረው ማነው?» ጀሶውን አነሳው። «በግራ እጄ አንድ ጥድ እስክፈልጥ ተመልካችህ ቤቱ ሄዶ፣ ራቱን በልቶ፣ አንድ እንቅልፍ ተኝቶ ይመለሳል። በአንድ እጅ የሚወርድ ግድግዳ ያለው በዚህ አገር አንድ ነው። እሱን ደግሞ ቤንዚን ልታጠጣው ነው።»

አዘጋጁ የጀሶውን እጅ፣ ጣውላውን፣ መልሶ ጀሶውን አየ። ክብሪቱን አሻሸው እንጂ አልጫረውም።

«ጀሶው እስኪፈታ» አለ። «ከዚያ አንድ ቀን አልጨምርም። እጅህ በዳነ ማግስት አዲስ ጥድ ይቆማል፤ አንተም ትፈልጠዋለህ።»

«ካልዳንኩ አይደል?»

«ትድናለህ። በሬ ነህ።»

ሠራተኞቹ ጣውላዎቹን መለሷቸው። እህትና ወንድም ብቻቸውን ሲቀሩ ልትደግፈው ክንዱን ያዘች። አራገፋት።

«ይቅር ብሎኛል እንዳትዪ» አላት።

«አላልኩም።»

«ስለ ጋሼ ብዬ ነው። ሌላ ሰው እንዲያ ሆኖ ጫማውን ማሰር አልፈልግም።»

«አውቃለሁ።»

«ምንም አታውቂም። ብሩሹን ስጪኝ።»

ሰጠችው። ወደ ኋላ ዞሮ በግራ እጁ ቁልፉን ነካ፤ አንድ ጣውላ ላይ ሦስት ጊዜ በክርኑ አንኳኳና እሷ ከፊት ሆና ድምፁ የመጣበት ላይ ጣቷን እንድታሳርፍ አዘዛት። ከዚያ ዞሮ መጣና ጣቷን እንዳታነሳ እየተቆጣ፣ ጥፍሯን ጭምር ቀብቶ፣ ዓይኑን በዙሪያዋ ሳለው። ቀጥሎም ከቆጠበቻቸው ሁለት ቁራጮች አንዱን ጠርባ ግድግዳውን ሞከሩት። ወረደ። ገና አቧራው ሳይበርድ ሁለተኛውን ጥረቢ አላት።

በዚያ ከሰዓት በጀሶ የታሰረ ጀግና ግድግዳውን በግራው መታ፤ እየተንቋቋ ወረደ። ተመልካቹ እንደ ትናንቱ ይደባደባሉ ብሎ ጠብቆ ነበርና አጉረመረመ። ከዚያ ግን ለለመደው ጩኸት አጨበጨበ።

አዘጋጁ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። ጀሶው በሚፈታበት ቀን ለአዲሱ ጥድ ሰው ልኮ፣ ራሱ ሐኪም ቤት ድረስ አብሮ ሄደ። ምስማርም በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሐኪሙ የገረጣውን እጅ አገላብጦ አየ፤ አውራ ጣቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፤ ከመሳቢያው የመጨበጥ ጉልበት መለኪያ አውጥቶ ሁለቱን እጆቹን በየተራ አስያዘው። ሦስት ሦስት ጊዜ አስጨብጦ ትልቁን ንባብ ወሰደ። ግራው ሃምሳ አንድ ኪሎ፣ ቀኙ አስራ አራት፤ «ይሄ እጅ ገና አልዳነም፤ መጥረቢያ አይችልም» አለ ሐኪሙ።